ገበያ ያልቀናው ድንቅ ፊልም

ፊልም በትኬት ሽያጭ ብቻ ሲመዘን ያሳዝነኛል። «ዘ አይረን ጃያንት»ን ተመልከቱ። ብራድ በርድ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነው። ስቱዲዮው በቅጡ ስላላስተዋወቀው ወጪውን እንኳ ሳይመልስ ከሲኒማ ቤት ወረደ።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሶቪየት ኅብረት ሳተላይት ስፑትኒክ የመጠቀችበት፣ አሜሪካውያን የኒውክሌር ጦርነት ይመጣል ብለው የሚሰጉበት ጊዜ። ሆጋርት የተባለ ልጅ ከሰማይ የወደቀ ግዙፍ ሮቦት ያገኛል። ሮቦቱ ለጦርነት የተሠራ ነው። ልጁ ግን ማንነቱን ራሱ መምረጥ እንደሚችል ያስተምረዋል። አዋቂዎቹ በፍርሃት ታውረው መሣሪያ ሲያነሱ፣ መሣሪያ ሆኖ የተሠራው ፍጡር ደግነትን ይመርጣል።

በፍርሃት የሚጠላላ ሰው በበዛበት በዚህ ዘመን ይህን ፊልም የሚተካ አላውቅም። ልጆች ካሏችሁ አብራችኋቸው እዩት፤ ባይኖሯችሁም እዩት።