ባለጎማ ቤቶች በወንዝ ዳር

ቤት ማለት መሠረቱ በድንጋይ ተጥሎ፣ ማገሩ ተማግሮ፣ ካለበት የማይነቃነቅ ነገር ነው ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው፣ ቤታቸውን እየነዱ የሚዞሩ ሰዎችን ሲያይ መገረሙ አይቀርም። እኔም ባለፈው ክረምት አጎቴ ጋብዘውኝ ወደ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ሄጄ ሳለ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አምስት ሌሊት አደርሁ።

አጎቴ የሚኖሩት ከዴንቨር አጠገብ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ባሉባት በአውሮራ ከተማ ነው። ሥራቸው ትልቅ የጭነት መኪና መንዳት ነው። ለዕረፍታቸውም አልጋና ምድጃ ያለበትን፣ አርቪ የሚባለውን መኪና ተከራዩ (ዕረፍቱም መንዳት ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ)። ወደ ምዕራብ ተጕዘን፣ ከባሕር ወለል 3,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተራራውን የሚሰነጥቀውን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 የተከፈተውን የአይዘንሃወርን ዋሻ አልፈን፣ ፍሩታ ከምትባል ትንሽ ከተማ ደረስን።

ማደሪያችን በኮሎራዶ ወንዝ ዳር ነበረ። ስፍራው ሃያ መኪና እንኳ አይዝም። ለእያንዳንዱ መኪና የመብራት መሰኪያ፣ የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ መውረጃ ተዘጋጅቶለታል፤ እንግዳው እነዚህን ሦስቱን ካገናኘ ወዲያው ባለቤት ሆነ ማለት ነው። አጥር የለም፤ የጎረቤት ሳል ይሰማል። የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ከውሃ ዳር ጭነታቸውን አራግፈው፣ እሳት አንድደው በአንድነት ያድሩ ነበር ሲባል የሰማሁትን ያየሁ መሰለኝ። ልዩነቱ በበቅሎ ፈንታ ብስክሌት መታሰሩ ነው።

ሰው ሁሉ ወደዚያ የሚመጣው ለተራራ ብስክሌት ነውና። ይህ ጎማው ወፍራም፣ ፍሬኑ ብርቱ የሆነ ብስክሌት የተስፋፋው፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ብስክሌት እያደሱ ከታማልፓይስ ተራራ ቍልቍል ሲወርዱ ነው። ከፍሩታ አጠገብ የሚነሣው ኮኮፔሊ የተባለ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በዩታ ግዛት ሞአብ ከተማ ይደርሳል። እኛ የሞከርነው ከጫፉ ጥቂቱን ብቻ ነው። የእኛ ክረምት በዚያ በጋ በመሆኑ ድንጋዩ ረፋዱ ላይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ወጥተን በሦስት ሰዓት እንመለስ ነበር። መንገዱ በገደል አፋፍ ይሄዳል፤ ወንዙም ከታች ይታያል። አልፈራሁም ብል ማን ያምነኛል?

በሦስተኛው ቀን ከሰፈሩ አጠገብ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። አጎቴ ጎማውን አገላብጠው አንዲት እሾህ ነቀሉና በመዳፋቸው ይዘው ዝም አሉ። ኩርንችት ነበረች! በአያቴ ደጅ በባዶ እግር ስንሮጥ የምትወጋን ያችው ኩርንችት ናት። በዚያ የፍየል ራስ ይሏታል፤ ተክሏም ከእኛ ወገን ካለው ዓለም ወደ አሜሪካ የገባች መጤ ናት። የአገሩ ብስክሌተኞች ጠባይዋን ስለሚያውቁ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ በጎማቸው ውስጥ ይጨምራሉ። አንድ ጠና ያሉ ጎረቤታችንም ሳንጠይቃቸው መለጠፊያና መንፊያ ይዘውልን መጡ።

በዚያ ማታ፣ እናቴ ስሄድ አደራ ያለችኝን ጥያቄ ጠየቅሁ። አያቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ልጃቸውን ካዩ 16 ዓመት አልፏል።

«ጋሼ፣ እማማ መቼ ይመጣል ብለዋል» አልኋቸው።

አጎቴ ወንዙን እያዩ ብዙ ቆዩ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ወረቀት አልነበረኝም። ወረቀቱ ሲመጣ ገንዘብ አጠረኝ። ገንዘቡ ሲገኝ ደግሞ ይህን ያህል ዘግይቼ በምን ፊቴ ብዬ አፈርሁ» አሉኝ።

እኔም ሌላ አልጨመርሁም። እንዲህ ያለ መልስ ለእናት እንዴት ይነገራል? ጥቂት ቆይተው ግን፣ «የኩርንችቷን ነገር ንገራት» አሉ።

ተመልሼ ለአያቴ ነገርኋቸው። ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ፣ «እግሩን ወጋችው?» ብለው ነው። አጎቴ አሁን በስልክ ለጥምቀት እመጣለሁ ይላሉ፤ ቲኬቱ ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልተቈረጠም።