የላንጋኖ ሙሽሮችና ክራክ የሆነው ፎቶሾፕ

ከአዳማና ከሻሸመኔ ሙሽሮችን ይዘው ወደ ላንጋኖ የሚወርዱ ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ቡናማውን ውሃ ከኋላ አድርገው ያነሡትን ሥዕል ላፕቶፕ ላይ ገልብጠው ፊት ሲያጠሩና ቬሎ ሲያነጡ ያየ ሰው፣ ጥበባቸውን ያደንቃል እንጂ፣ አንድ የሥዕል ፋይል ራሱ የጥፋት መልእክተኛ ሊሆን ይችላል ብሎ በኅሊናው አያስበውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሥዕል ፋይል በራስጌው ስፋቱንና ቁመቱን ይናገራል፤ ፕሮግራሙም ያንን ቃል አምኖ በሜሞሪ ውስጥ ቦታ ያሰናዳል። በተንኮል የተሠራ ፋይል ግን ጥቂት ነኝ ብሎ አስታውቆ ብዙ ያፈስሳል፤ ትርፉም ወደ ጎረቤቱ ቦታ ዘልቆ በዚያ የነበረውን ይደመስሳል፣ አንዳንዴም የባዕድ ትእዛዝ ይተክላል። የብራና ጸሐፊ ዓምዱን አስምሮ ከመሥመሩ እንዳይወጣ ይጠነቀቃል፤ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ግን ሠሪው ወሰኑን መርምር ብሎ ካላዘዘው በቀር መሥመሩን አያይም።

በኖቬምበር 2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራም ጊምፕ 2.10.36 እንዲህ ያሉ ጉድለቶችን ያረመ ሲሆን፣ አንዱ የፎቶሾፕን ፒኤስዲ ፋይል ሲያነብ የሚደርስ ነበረ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፣ ዌብፒ የተባለውን የሥዕል ዓይነት በሚያነበው የጉግል ኮድ ላይ የታወቀው ጉድለት ደግሞ ክሮምን ሳይቀር አስቸኳይ እርማት አስወጣ። ይህን ካስታወቁት አንዱ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የግንቦት 7 ተቃዋሚ ድርጅት ሰዎችን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ ኢትዮጵያውያንን ይሰልል የነበረውን ፊንስፓይ የተባለ ፕሮግራም ያጋለጠውም እርሱ ነው። ያ ግን ሥዕል መስሎ የመጣ ፕሮግራም ነበረ፤ ከላይ ያነሣነው የተንኮል ፋይል ግን በእርግጥም ሥዕል ስለ ሆነ፣ የስሙን መጨረሻ አይቶ መጠንቀቅ አይበቃም።

አዶቢም ለፎቶሾፕ በየጊዜው እርማት ያወጣል። በየስቱዲዮው ያለው ፎቶሾፕ ግን አብዛኛው ከፍላሽ ወይም ከቴሌግራም የተጫነ ነውና፣ የጫነው ልጅ አስቀድሞ የሚሰጠው ምክር «ኢንተርኔት አጥፋ፣ አፕዴት እንዳታደርገው» የሚል ነው፤ አፕዴት ከተደረገ ያለ ክፍያ የሚያሠራው ክራክ ይበላሻልና። በዚያ ላይ የሠርግ አልበም ቴምፕሌት የሚባለው ፒኤስዲ፣ ማን እንደ ሠራው ሳይታወቅ ከቻናል ወደ ቻናል ሲዞር ይኖራል። የውጭ ምንዛሪ ካርድ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ባለ ስቱዲዮውን በዚህ መውቀስ ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጊምፕ ነፃ ነው፣ እርማቱም እንዲሁ፤ ነገር ግን የሙሽራዋ ፎቶ የሚገባበት የቴምፕሌቱ ስማርት ኦብጀክት በጊምፕ 2.10 እንደ ፎቶሾፕ አይሠራም፤ የባለሙያው እጅም የለመደው ሌላ ነው። ስለዚህ ፎቶሾፕን መተው ለማይችል፣ ከቴሌግራም የወረደውን ቴምፕሌት የደንበኞች ሥዕል በሌለበት፣ ከኢንተርኔት በተለየ አሮጌ ላፕቶፕ አስቀድሞ ከፍቶ፣ ገጹን በጄፔግ አውጥቶ፣ ጄፔጉን ብቻ ወደ ዋናው ኮምፒውተር ማሳለፍ ይሻለዋል፤ ሥራውን እንደሚያዘገይበት ግን አልክድም።