ፍሬው ለላኪ፣ ገለፈቱ ለቤት
(ከድሬዳዋ የተጻፈ ትዝብት)

የወይን ጠጅ አገር የሚባሉት ቦታዎች የባልና ሚስት መዳረሻ ሆነዋል። ወደ ፈረንሳዩ ቦርዶ ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ የሚሄዱ ጥንዶች ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ፣ ጠማቂውን ሲጠይቁ፣ ብርጭቆ ሲያሸቱ ይውላሉ። እኛም አገር ዝዋይ ላይ የፈረንሳዩ ካስትል ወይን ተክሎ፣ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉ ጠርሙሶቹን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለገበያ አቅርቧል። እኔና ባለቤቴ ግን ለዕረፍታችን የመረጥነው ምሥራቁን ነው። የሐረር ቡና በዓለም ቀማሾች ዘንድ ከሚታወቅበት ነገር አንዱ ወይን ወይን ማለቱ ነው። ይህን ጣዕም ያበቀለች አገር ስላለችን፣ ቅምሻውን ከዚያው ከምንጩ እንጀምር ተባባልን።

＊

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከተማዋ ራሷ ለቡና ትሞቃለች፤ ቡናው የሚወርድላት ከዙሪያዋ ደጋና ወይናደጋ ነው። ሆኖም የሐረር ቡና ስሙን ከሐረር ቢያገኝም መንገዱን ያገኘው ከድሬዳዋ ነው። ከባቡሩ በፊት ጭነቱ በግመል ወደ ዘይላ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ላይ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ግን ባዶው ሜዳ ከተማ ሆነ፤ መጋዘን ተሠራ፤ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ የመኑም መጣ። ቡና በጨረታ ይሸጥ በነበረበት ዘመን የጨረታ ማዕከላቱ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነበሩ። ከዚራ ሰፈር ውስጥ በዛፎቹ ጥላ ስንሄድ ባለቤቴ አሮጌዎቹን የንግድ ቤቶች እያየ፣ «ይቺን ከተማ ቡና ነው የሠራት» አለኝ። ሐዲዱንም መጨመር ይገባል፤ ግን ሐዲዱ ራሱ ከሚጭናቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ቡና ነበር።

＊

የቅምሻ ክፍል። ረጅም ጠረጴዛ፣ በተርታ የተደረደሩ ነጫጭ ሲኒዎች፣ ከየሲኒው ፊት በትሪ የቀረበ ጥሬ ቡና። ቀማሹ ወጣት ነው፤ ሽቶ አልተቀባም፤ እኔም እንዳልቀባ ቀድሞ በስልክ ነግሮኛል። ቡናው የተቆላው ገና ቡናማ ሲሆን ነው፤ በቤታችን ልማድ «ኧረ ጥሬ ነው» የሚያሰኝ ቀለም። ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ያህል ዱቄት ይመዘናል። መጀመሪያ ደረቁን ያሸታል። ከዚያ ፈልቶ ትንሽ ጋብ ያለ ውሃ ይፈስበታል። አራት ደቂቃ ይጠበቃል። ላይ የሰፈፈውን ቅርፊት በማንኪያ ሲገፋው የሚወጣው እንፋሎት ነው ብዙውን የሚናገረው፤ ቀማሹ አፍንጫውን ሲኒው ውስጥ ሊከት ምንም አልቀረውም። ከዚያ ሰፈፉን ገፎ፣ በማንኪያ ጨልፎ፣ ድምፅ እያሰማ በኃይል ይምገዋል። ድምፁ ነውር አይደለም፤ ቡናው ከአየር ጋር ተበትኖ ላንቃውን ሁሉ እንዲያዳርስ ነው። ከዚያ ይተፋዋል።

በአገራችን የደረጃ አሰጣጥ ከ100 ነጥብ 40ው የጥሬው ነው፤ ነቀዝ የበላው፣ የጠቆረው፣ የተሰበረው፣ ሽታው የተለወጠው እዚያ ይያዛል። 60ው የሲኒው ነው። ንጽሕናው 15፣ ኮምጣጣነቱ 15፣ ውፍረቱ 15፣ ቃናው 15። ቀማሹ ነጥቡን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ወደ መጀመሪያው ሲኒ ተመለሰ። ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። «አቦ፣ አሁን ቅመሱት» አለን፤ «ሲሞቅ ይደብቃል፤ ሲበርድ ያወጣል።»

እውነትም ሲበርድ ወይኑ መጣ። መጀመሪያ ምላስ ጠርዝ ላይ ስል የሆነ ኮምጣጣነት፣ ከዚያ የበሰለ ፍሬ፣ ከዚያ ከረር ያለ ደረቅ ስሜት። ወይን የሚያሰኘው ነገር የሚመጣው ከአደራረቁ ነው። የሐረር ቡና በልማዱ አይታጠብም። ቀዩ እሸት ከነሥጋው በፀሐይ ይደርቃል፤ ጀንፈል እስኪሆን ድረስ በሥጋው ውስጥ ያለው ስኳር ቀስ ብሎ ይብላላል፤ ያ መብላላት ቃናውን ለፍሬው ይሰጠዋል። በልኩ ከሆነ ወይን ነው። ክምሩ ከወፈረ፣ ካልተገላበጠ፣ ዝናብ ከመታው ኮምጣጤ ይሆናል፤ ቀማሹም ነጥቡን ይቀንሳል። በከበረውና በተበላሸው መካከል ያለው ርቀት የጥቂት ቀናት እንክብካቤ ብቻ መሆኑን ሳስብ ለደረቀበት ግቢ ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

＊

ባለቤቴ እዚያው ጠረጴዛ ላይ «ብሉቤሪ» አለ። በውጭ ገዢዎች ወረቀት ላይ የሐረር ቡና የሚገለጽበት ፍሬ ይኸው ነው። ቀማሹም ቅጹ ላይ የሚጽፈው እሱን ነው፤ ገዢው የሚረዳው ያንን ነውና። «በልተኸዋል?» ብዬ ጠየቅሁት። አልበላውም። የተማረው ትንንሽ የሽታ ጠርሙሶችን እያሸተተ ነው። እኔ ግን ድሬዳዋ ያደግሁ ነኝና ሁለተኛውን ሲኒ ስቀምስ የመጣብኝ ፀሐይ ያገኘው ቁርቁራ ነው፤ ከፊራ ገበያ በጣሳ ሲሰፈር የሚሸተው። ሦስተኛው ላይ ዘይቱን አገኘሁ፤ ከመጠን በላይ የበሰለ፣ ክፍሉን በሽታው የሚሞላ ዘይቱን። ቀማሹ እንደገና ምጎ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና «ዘይቱን ነው» አለ። ይህን ፍሬ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። አምበሾክ፣ መንደሪን፣ ሮማን፣ ተምር የሚሸጥባት ከተማ የራሷን ቡና በራሷ ፍሬዎች ብትለካው ለልጆቿ መማሩ ምንኛ በቀለለ!

＊

ከመጋዘኑ አጠገብ ለቃሚዎቹ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ሴቶች። ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ እንደ ዛጎል የጎደጎደውን «ሼል» በዓይናቸው ለይተው በጣታቸው ያወጣሉ። እነርሱ ያሳለፉት አንድ መጥፎ ፍሬ አንድ ሙሉ ሲኒ ያበላሻል፤ ስለዚህ የቀማሹ ነጥብ ግማሹ የእነርሱ ዓይን ነው። አንዷን እናት «የለቀሙትን ጠጥተው ያውቃሉ?» አልኳቸው። «እሱማ የውጭ ነው፣ ልጄ» አሉኝ፤ እጃቸው ሳይቆም።

＊

ለቃሚዋ ያሉት እውነት ነው። ለውጭ ገበያ ደረጃው የደረሰ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ለረጅም ጊዜ ከልክሏል። የውጭ ምንዛሪ የግድ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ውጤቱ ግን ከተማችን ጀበና ውስጥ ይገኛል። ደረጃ ያልሞላው ቡና ለእኛ ይቀራል፤ እኛም ጠቆር አድርገን እንቆላዋለን፤ ጠቆር ያለ አቆላል ደግሞ ጉድለትን ይሸፍናል፣ በጎውንም አብሮ ያጠፋል። ቀማሽ ቀለል አድርጎ የሚቆላው እንዲታይ ነው፤ እኛ አክረን የምንቆላው እንዳይታይ ሆኗል። የቡናው ሥነ ሥርዓት፣ እጣኑ፣ ቄጤማው፣ ጨዋታው ሁሉ የከበረ ነው፤ ሲኒው ውስጥ ያለውም የዚያኑ ያህል እንዲከብር እፈልጋለሁ።

＊

ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ አየሩ ይለወጣል፤ መስኮት ይዘጋል፣ ነጠላ ይለበሳል። ከዚያ ሐረማያ። ሐይቁ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት አይቻለሁ፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ ማየት ደስ ያሰኛል። ከዚያ አወዳይ፤ የጫት ገበያው።

መንገዱን ግራና ቀኝ ተከትሎ የሚታየው ጫት ነው። የቡና ጉዞ የመጣ ሰው ቡና ለማየት መጠየቅ፣ ከአስፋልቱ መውጣት አለበት። ገበሬውን አልወቅሰውም። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል፤ ጫት ውሃ ካገኘ ደጋግሞ ይቆረጣል። የቡናው ዋጋ የሚወሰነው ኒውዮርክ ነው፤ የጫቱ አወዳይ፣ ዛሬ፣ በእጅ። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ቡና ዋጋ ሲወድቅ ልጆቹን ማብላት የነበረበት አባት ምን ማድረግ ነበረበት? የሚያሳዝነኝ የተነቀለው ዛፍ በዘሩ የሚተካ አለመሆኑ ነው። የሐረርጌ ገበሬ በየአካባቢው ለዘመናት መርጦ ያቆያቸው የቡና ዓይነቶች አሉ፤ አንዱ ማሳ ሲነቀል አብሮ የሚሄደው ሌላ ቦታ የሌለ ሊሆን ይችላል።

＊

ከሐረር ወጣ ብሎ ያለ አንድ ግቢ። አባወራውና እማወራዋ አብረው ካረጁ ቆይተዋል፤ የምንናገረውን ልጃቸው ወደ ኦሮምኛ፣ የሚሉንን ወደ አማርኛ ይመልሳል። መጀመሪያ የቀረበልን ሆጃ ነው፤ የቡና ገለፈት ከወተት ጋር ፈልቶ። ከእሱ በፊት ልጃቸው ስለ ቁቲ ነግሮናል፤ የተጠበሰ የቡና ቅጠል ፈልቶ የሚጠጣ ነው። ሁለቱም በዚህ አገር የከበሩ መጠጦች ናቸው፤ ሆጃው በተለይ ሽታው የማር ጠጅ ያስታውሳል። ግን በአንድ ቤት ውስጥ ቅጠሉና ገለፈቱ ሲጠጣ ፍሬው ወደ ከተማ መውረዱ የዚህ ሁሉ ንግድ ትርጉም ነው። ፍሬው ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ አይጠጣም።

ባለቤቴ ድፍረት አገኘና «እማማ፣ ከራስዎ ቡና እንደ ቀማሾቹ ቆልተን እንቅመስ?» አላቸው። ከጎተራ ጀንፈል ወጣ፤ ተወቀጠ፤ ተነፋ። እማማ ምጣዱ ላይ ቆሉት። ቡናማ ሲሆን «በቃ» ስንላቸው እጃቸው እምቢ አለ፤ ምጣዱን ያወረዱት እኛን ለማክበር እንጂ አምነውበት አልነበረም። ሲኒዎቹ ተደረደሩ፣ ዱቄቱ ገባ፣ ውሃው ፈሰሰ፣ ቅርፊቱ ተገፋ። አባወራው ማንኪያውን ተቀብለው ማጉት። ዝም አሉ። ደገሙት።

«ይሄ የኛ ነው?» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት መገረም ከዚህ ጉዞ ሁሉ ይበልጥብኛል። ከዚያ ሲኒው እስኪበርድ ጠበቁና ሌላ ነገር ተናገሩ፤ ልጃቸው ሲመልሰው፦ «መጨረሻው ላይ አፈር አለው። በዚያ ሳምንት ዝናብ መጥቶ መሬት ላይ ሰጥተነው ነበር።»

የከተማው ቀማሽም ያንኑ አፈር ያገኘዋል፤ ያገኘው ግን መጋዘን ውስጥ፣ ከብዙ ገበሬ ቡና ጋር ተደባልቆ፣ ማን መሬት ላይ እንዳሰጣው፣ ማን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እንዳደረቀው በማይታወቅበት ጊዜ ነው። እኚህ ሰው በአንድ ማንኪያ ጉድለቱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንና ሳምንቱን አወቁ። ለእርሳቸው የጎደላቸው ዕውቀት አልነበረም። ማንም ማንኪያ ሰጥቷቸው አያውቅም ነበር። እማማ በበኩላቸው አልተረቱም፤ «ለእንግዳ እንዲህ ያለ ጥሬ አላቀርብም» ብለው የቀረውን እስኪጠቁር ቆሉት፤ እሱንም በምስጋና ጠጣን።

＊

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 «ሐረር»፣ «ሲዳሞ» እና «ይርጋጨፌ» የሚሉት ስሞች በአሜሪካ እንዲመዘገቡላት ማመልከቷ፣ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክር፣ በ2007ም የተደረሰው ስምምነት ይታወሳል። ስሙ ባለቤት አገኘ፤ ትልቅ ነገር ነው። ስሙ የቆመበት ቃና ግን ዛሬም የሚደርቀው በአንድ ገበሬ ግቢ ነው፤ ጥሩ ያደረቀ ከመጥፎው ተለይቶ ካልተከፈለው ነገ ጥሩ የሚያደርቅበት ምክንያት አይኖረውም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በመጣው የግብይት ለውጥ አንድን ቡና እስከ ምንጩ ድረስ ለይቶ መሸጥ ቀልሏል። በሩ ተከፍቷል፤ ሐረርጌ ገና በስፋት አልገባበትም።

＊

የስቴለንቦሽ የወይን መንገድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ሦስት ገበሬዎች ተስማምተው በራቸውን ለእንግዳ ከፈቱ፣ ምልክት ተከሉ። ሌላው ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ለድሬዳዋም ከዚያ የበለጠ አያስፈልጋትም፤ ሠልጥነው የተቀመጡ ቀማሾች አሏት፣ መጋዘኑ አላት፣ ባቡርም አውሮፕላንም ይደርስባታል። የወይን ጠጅ የማይጠጣ ሰው የሚበዛበት አካባቢ መሆኑም እንቅፋት አይሆንም፤ ይህ ቅምሻ ማንንም ከሃይማኖቱ አያጋጭም፤ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ሊመጡበት ይችላሉ። ከሦስት ግቢ፣ ከአንድ የቅምሻ ክፍል፣ ለገበሬውም ለእንግዳውም እኩል ከሚቀርብ ማንኪያ መጀመር ይቻላል። ክፍያው ለገበሬው በቀጥታ ይሁን፤ ቅምሻው ላይም እርሱ ይቀመጥ።

＊

ለቀማው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ባለቤቴ በሚቀጥለው ባቡሩን ይዘን ሚኤሶ እንውረድና በጭሮ በኩል ወደ ገለምሶ እንሂድ ይላል፤ የምዕራብ ሐረርጌው ቡና ሲበርድ ምን እንደሚያወጣ ማወቅ ይፈልጋል። እኔ ወደ በደኖ ነው የምለው። አባወራው ደግሞ በዚህ ዓመት የቡና ማድረቂያ አልጋ እንደሚሠሩ ልጃቸው በስልክ ነግሮናል፤ ስለዚህ የትም ብንሄድ መጀመሪያ እሳቸው ጋር እንደርሳለን።