ዮቶር ብቻውን አልመጣም

11 ዓመት የሠራሁት በስንዴ ምርምር ላይ ነው። ሥራዬ የስንዴን ፕሮቲንና ግሉተን መለካት ነበር። ውጤቱ ካላማረኝ ናሙናውን ሦስቴ ደግሜ እለካለሁ፤ ናሙና ደግሞ አይቀየምም።

አንድ የዱቄት ፋብሪካ የምርት ሥራ አስኪያጅ እንድሆን ሲጠይቀኝ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ሳምንት ጸለይን። እውነቱን ለመናገር እኔ የጸለይኩት ከወሰንኩ በኋላ ነው። ደመወዙ እጥፍ ነበር።

ፋብሪካው ውስጥ ከ70 በላይ ሠራተኞች ጠበቁኝ። (ሁለተኛ ዲግሪ ብቻ እንዳለኝ ብነግራቸውም «ዶክተር» ማለታቸውን አልተዉም።) እኔ ግን ሰዎቹን ሳይሆን ስንዴውን ነበር የማየው። ስንዴ ከመፈጨቱ በፊት ውኃ ጠጥቶ ማረፍ አለበት፤ ጠንካራው ስንዴ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በቂ ጊዜ ካላገኘ ፉርሽካው ደቅቆ ከዱቄቱ ጋር ይቀላቀልና ዱቄቱን ያጠቁረዋል። ስለዚህ እኔ ሳልፈቅድ አንድም ጎተራ እንዳይከፈት አዘዝኩ። የሌሊቱ ሺፍት ሳይቀር እየደወለ ያስፈቅደኝ ጀመር።

አንድ ምሽት በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት ፎርማን ከጎተራው ጥቂት ፍሬ አንሥተው በጥርሳቸው ሰበሩና፣ «ዶክተር፣ ይህ ስንዴ ገና ነው» አሉኝ። የእርጥበት መለኪያውን በሠራተኞቹ ፊት አሳየኋቸውና፣ «እኔ በጥርስ አልሠራም» አልኩ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እርሳቸው ዝም ብለው ጎተራውን ከፈቱ።

ጠዋት ዱቄቱ ጠቁሮ አገኘሁት። ስንዴው ከሌላ አካባቢ የመጣ ጠንካራ ዘር ነበር፤ እኔ ግን የቀድሞውን ሰዓት ቆጥሬለት ነበር። መለኪያው የውኃውን መጠን እንጂ ውኃው ወደ ፍሬው ልብ መድረሱን አልነገረኝም።

ቤቴም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ስልኩ ከእኔ ጋር እራት ይቀርባል፤ እሁድ አምልኮ መካከል ይዤው እወጣለሁ። በቤት ኅብረታችን ተራዬ ደርሶ ዘጸአት 18ን ሳስተምር፣ ዮቶር ሙሴን እንደመከረው፣ የሺህና የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንደተሾሙ በሰፊው አብራራሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ፣ «ለምን ከቁጥር 13 ጀመርክ?» አለችኝ።

«ምክሩ ያለው እዚያ ነዋ።»

«ዮቶር ብቻውን አልመጣም። የሙሴን ሚስትና ሁለቱን ልጆች ይዞለት ነው የመጣው። ከምክሩ በፊት።»

መልስ አልነበረኝም። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ጌታ ያውቃል።

ሰኞ በዚያው ሺፍት ፊት ፎርማኑን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። በሰው ፊት ያዋረድኳቸውን በቢሮ ውስጥ ብቻቸውን ይቅርታ መጠየቅ አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር፣ ግን ልቤ አላረፈም። እርሳቸውም ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር። ግን ሌሊት ሌሊት ስልክዎን ያጥፉልን» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎተራ የሚከፍተው የሺፍቱ ኃላፊ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተሳስተዋል። ሁለቱንም ጊዜ የሰማሁት ጠዋት ነው፤ ተናድጃለሁም።

ላብራቶሪው አሁንም ይናፍቀኛል። ስልኩን ባጠፋሁበት የመጀመሪያ ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለቤቴ በጨለማ፣ «ለስንዴውም እንጸልይለት?» አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን።