ጌሾ በዝቶበታል

እማዬን ከነነጠላዋ ኦሽን ሲቲ ወስደን፣ ባሕሩ ዳር፣ የብሉግራስና የቢራ ፌስቲቫል መሀል ስናስቀምጣት ትንሽ አፍረን ነበር። አንዋሽም። አባዬማ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ሰዓት ገደማ ስንነዳ «ለቢራ ነው ይሄ ሁሉ መንገድ?» ማለቱን አላቆመም።

ጺማሙ ጠማቂ አይፒኤ ቀዳላት። ቀመሰችና ፊቷን ጨምድዳ «ጌሾ በዝቶበታል፤ ንገሩት» አለች። ነገርነው። ምሬቱ የሆፕ አበባ መሆኑን አስረዳት፤ እሷ ደግሞ ስለ ብቅሉ፣ ስለ አሻሮው፣ ጋን በወይራ ስለማጠን ቀጠለች። ሰልፉ ከኋላችን ረዘመ። ጠላዋን ትተን ኮካ ስንጠጣ ያደግን ልጆች፣ አሻሮ ምን እንደሆነ ያወቅነው ለፈረንጅ ስንተረጉም ነው!

ባንጆው ሲጀምር አባዬ ዝም አለ። የተጫዋቹን ጣቶች ብቻ ያያል። የባንጆ ዘር በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን እንደሚመዘዝ፣ ኧርል ስክረግስ እ.ኤ.አ. በ1945 የቢል ሞንሮን ባንድ ተቀላቅሎ በሦስት ጣት አጨዋወቱ ሙዚቃውን እንደለወጠው ነገርነው። የሰማን አይመስለንም። የእሱ ክራር አልጋ ስር ከገባ ስንት ዓመቱ!

ማታ ቤት ገብተን ልንተኛ ስንል ከመኝታ ቤታቸው ክር ሲወጠር ሰማን። ጧ! ተበጠሰ።

«ነገ የክራር ክር ፈልጉልኝ» አለን፣ በሩን ሳይከፍት።