ወርቅ ምን ምን ይላል?

አስራ አንደኛው ሳህን ሲመጣ ላዩ ላይ ወርቅ ነበረበት። እውነተኛ ወርቅ። ከፒስታቺዮ አይስክሬሙ አናት ላይ ተለጥፎ፣ የኤሲው ነፋስ በነካው ቁጥር ይርገበገባል። አስተናጋጁ መደንገጤን አይቶ «ይበላል» አለኝ።

ዱባይ ነበርኩ፣ ለሥራ ስልጠና። በመጨረሻው ምሽት ጋባዦቻችን ቴስቲንግ ሜኑ ያለው ምግብ ቤት ወሰዱን። እንዲህ ዓይነት ቤት ማዘዝ የለም፤ ሼፉ ያሰበውን በየተራ፣ ጉርሻ በሚያህል መጠን እያቀረበ ሦስት ሰዓት ያስቀምጥሃል።

አልዋሽም፣ በጣም ደስ ብሎኛል። ሳፍሮን ያረፈበት የአሳ መረቅ፣ በማንኪያ ሲነኩት የሚፈርስ የበግ ሥጋ፣ ወይን ለማልጠጣው ለእኔ ከየሳህኑ ጋር የተመረጠ የሮማንና የሑመር ጭማቂ። መረቁን ጨርሼ ሳህኑን በዳቦ ጠርጌዋለሁ። ማንም ይየኝ አላልኩም።

አምስተኛው ባሚያ ነበር። ሳቄ መጣ። እኛ መንጌ ከንከሴ የምንለው ነው፤ ደርቆ ተወቅጦ ወጥ ይሆንና ከማሽላ ገንፎ ጋር ይበላል፣ ጉሮሮ ላይ ሳይቆም ሸርተት ይላል። እዚህ ደግሞ እንደ ክር ተሰንጥቆ፣ ተጠብሶ፣ እንደ ቺፕስ ይንኮሻኮሻል። ሁለቱም ይጣፍጣል። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበርኩ።

ወርቁ ግን አስቆመኝ።

መንጌ ወርቅ የሚታጠብበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 ሱዳንን የያዘው የግብፁ መሐመድ ዓሊ ፓሻ ጦሩን ወደኛ አካባቢ ካስላኩት ነገሮች አንዱ ይኸው ወርቅ ነው። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ቤኒሻንጉል ሲዘምቱም ወርቁ አልተረሳም። ለእኔ ግን ወርቅ ማለት እናቴ ናት፤ ወንዝ ውስጥ ጎንበስ ብላ ገበቴዋን ስታዞር።

አስራ አራት ዓመት ገደማ ሆኖኝ ነው። የቀኑን ወርቅ በጨርቅ ጫፍ ቋጥራ ያዢልኝ አለችኝ። ጥቂት ብናኝ ናት፣ ግን የሳምንቱ ዘይትና ጨው እሷ ውስጥ ነበሩ። ልየው ብዬ ስፈታው ከእጄ አመለጠና መሬት ላይ ተበተነ። እናቴ አልመታችኝም፣ አንድ ቃልም አልተናገረችኝም። የወደቀበትን አፈር በእጇ ፍቃ፣ ወደ ወንዙ ወርዳ፣ እስኪመሽ ድረስ እንደ አዲስ አጠበችው። ግማሹን እንኳ አላገኘችም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ያ ነገር ሳህኔ ላይ ማስጌጫ ሆኖ ተቀምጧል። አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ ስልኩን ከፍቶ ያነብልኛል፦ ወርቅ ተቀጥቅጦ ከፀጉር በብዙ መቶ እጥፍ ይቀጥናል፤ አንዲት ግራም ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ታለብሳለች። ሰውነት አይፈጨውም፣ እንደገባ ይወጣል። አሰብኩት፦ እዚያ ሳህን ላይ ካሉት ነገሮች ርካሹ ምናልባት ወርቁ ነው። የበላነውን ውድ ያደረገው ከጓዳ ያለው የሰው ልፋት ነው። የእናቴም ልፋት ልፋት ነበር፤ ያንን ግን ሜኑ ላይ የሚጽፈው የለም።

ልተወው? አጠፌ ወደ ቦርሳዬ ልክተተው? ሁለቱም ቲያትር መሰለኝ። በላሁት። አይስክሬሙ ግሩም ነበር።

ሆቴል እንደገባሁ ደወልኩላት።

«ወርቅ በላሁ።»

ዝም አለች። ከዚያ «ምን ምን ይላል?»

«ምንም ምንም አይልም።»

«እና እንዴት ይሆናል ሆድሽ ውስጥ?»

«እንደገባ ይወጣል አሉ።»

«በይ ነገ ጠዋት ገበቴ ይዘሽ ጠብቂው» ብላ በሳቅ ፈነዳች። እኔም ሳቅኩ፣ ዓይኔ እስኪያነባ። ያን ቀን የደፋሁትን ታስታውስ እንደሆነ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀደመችኝ፤ ሌላ ምን በላሽ አለችኝ። ስለ ከንከሴው ነገርኳት።

«በዘይት ተጠብሶ?»

«አዎ፣ ዘይት ውስጥ ጠልቆ።»

«ያን ሁሉ ዘይት» አለች፣ ከልቧ እያዘነች፣ «ለከንከሴ!»