የሚኔሶታ ጓሮና የባሮ ዳርቻ

«ያን ሁሉ መሬትና ያን የመሰለ ወንዝ ይዛችሁ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ከደጋ በመኪና የሚመጣላችሁ ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለጋምቤላ ሰው አዲስ አይደለም። የሚያሳዝነኝ እዚህ ሚኔሶታ በአፕሪል ጓሮውን መኮትኮት የጀመረ የራሳችን ሰው ጭምር ሲጠይቀው ነው። በበረዶ አገር ቲማቲም ለቅመን የምንበላ ከሆነ እነሱን ምን ነካቸው ይባልና ነገሩ ሁሉ በስንፍና ይደመደማል። ይህን ፍርድ አልቀበልም። የጸደይ ጓሮ እዚህ የሚሰምረው የሰዉ ትጋት ስለበለጠ አይደለም፤ ከሰዉ ጀርባ የቆመው ድጋፍ ስለበዛ ነው።

ጓሮውን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። በማርች መጨረሻ ቀድሞ ብቅ የሚለው ባለፈው መከር ተተክሎ ጭድ የለበሰው ነጭ ሽንኩርት ነው፤ እንደ ወስፌ የሾለ አረንጓዴ ጫፉ ጭዱን እየበሳ ይወጣል። አተር ቀዝቃዛ አፈር ስለማይገደው ይከተላል፤ ቡቃያው አንገቱን አጎንብሶ አፈሩን ይገፋና ከወጣ በኋላ ቀና ይላል። የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቤት ውስጥ መብራት ሥር ይፈላል፤ ከዚያ ሳምንት ያህል በቀን ጥቂት ሰዓት እየወጣ ነፋሱንና ፀሐዩን ይለምዳል፤ መሬት የሚገባው ውርጭ ካለፈ በኋላ በሜይ አጋማሽ ነው። የእኛ ባሚያማ አፈሩ በደንብ እስኪሞቅ ይጠብቃል፤ የቸኮለ ሰው ዘሩን ያበሰብሳል። ይህን ሁሉ አትክልተኛው ከራሱ አላመጣውም። መቼ እንደሚዘራ የዘሩ እሽግ ላይ ተጽፏል። የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አፈሩን በጥቂት ክፍያ መርምሮ የጎደለውን ይነግረዋል። ውሃው ከቧንቧ ይመጣል፤ ጓሮ የሌለው በጋራ የአትክልት ቦታ መደብ ይከራያል። የአሜሪካ መንግሥት የምግብ ድጎማ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአትክልት ዘርና ችግኝ እንዲገዛበት ተፈቅዷል።

አሁን ወደ ጋምቤላ እንመለስ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመጋቢት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። በዚያ ሙቀት ቲማቲም አበባውን ያረግፋል፣ ጥቅል ጎመን በወጉ አይጠቀለልም። አትክልቱ ከደጋ በጎሬ በኩል የሚወርደው ብዙው ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚወድ ተክል ስለሆነ ነው። የቆላው ጓሮ የራሱ አለው፦ ባሚያ፣ ኩድራ፣ የዱባ ቅጠል። «ባሮ እያለማ ውሃ አይቸግርም» የሚለው ክርክር ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ ነገር ግን ባሮ በክረምት ዳርቻውን ሞልቶ ይፈስሳል፣ በበጋ ደግሞ ከገደሉ ሥር ይወርዳል፤ ያለ ሞተር ፓምፕ በባልዲ ስንት መደብ ይጠጣል? ለዚህ የአኙዋክ ገበሬ ያገኘው መላ ውሃ ሸሽ እርሻ ነው። ወንዙ ሲሸሽ በተተወው እርጥብ ደለል ላይ በቆሎ ይዘራል፤ ዝናብ ሳይጠብቅ በበጋ ያጭዳል። አፈሩን ዳስሶ ጊዜውን የሚያውቅ ገበሬ ሰነፍ ሊባል አይችልም። በጋምቤላ 100,000 ሄክታር የተሰጠው የሕንዱ ካሩቱሪ ኩባንያ ያን ሁሉ ትራክተር ይዞ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 የበቆሎ ማሳውን ጎርፍ ዋጠበት፤ ውሉም በ2015 ተሰረዘ። መንግሥት በክልሉ በ2003 ዓ.ም. በጀመረው የመንደር ማሰባሰብ ደግሞ በሦስት ዓመት 45,000 አባወራ ለማስፈር ታቀደ። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይቀርብለታል ተብሎ ከዳርቻው የራቀ ሰው ያንን ደለል ተሸክሞት አይሄድም።

የቤታችንን ጥፋት ልሸፋፍን ግን አልፈልግም። ልቅ ግጦሽ ቡቃያ ያስበላል፤ ይህን ለማቆም የማንም በጀት አያስፈልግም። ኩድራን የድሃ ምግብ አድርጎ የሚያይ የከተማ ሰውም ራሱን ይጎዳል፤ ገዢ ያጣ አትክልት ማን ይተክለዋል? «ይህን ያህል ከቆረቆረህ ለምን ወጣህ?» ለሚለኝም መልስ አለኝ። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ብዙ አኙዋኮች ከተገደሉ በኋላ አገር ጥሎ የወጣ ሰው አፈሩን ንቆ አልወጣም፤ እኔም መውጣቴን እንደ ጥፋት አላየውም። ጥፋት የሚሆነው ከቧንቧ አጠገብ ቆሞ ባልዲ የተሸከመውን መውቀስ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ የምንልክ ሰዎች ከወቀሳው ይልቅ ጊዜውን እናስብበት። ለሠርግና ለለቅሶ ስንልክ አንዘገይም። ለአጥር ሽቦ፣ ለዘርና በጋራ ለሚገዛ ፓምፕ የሚላከው ግን የኛን ጸደይ ተከትሎ በሜይና በጁን ይደርሳል፤ ያኔ እዚያ ዝናቡ ገብቷል፣ ጎርፉም እየቀረበ ነው። ለውሃ ሸሽ እርሻ ገንዘቡ መስከረም ሳያልቅ መድረስ አለበት፤ ባሮ ከሸሸ በኋላ ደለሉ እርጥበቱን ይዞ ብዙ አይቆይም።